ሙሉ ልብሴ ኪራይ አስጨመረብኝ

ጥያቄ፦

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ28 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ደሴ ነው። ሥራዬ ድለላ ነው። የመኖሪያ ቤት አልይዝም። ሱቅ፣ የቢሮ ፎቅና መጋዘን ነው የማገናኘው። ብዙ ጊዜ ፒያሳና አራዳ እውላለሁ፤ ለመጋዘን ደግሞ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ሁለት ነገር ገጠመኝና ግራ ተጋባሁ።

ባለፈው ወር ‹ሰው ልምሰል› ብዬ ጥቁር ሙሉ ልብስ ገዛሁ፤ ከረባትም ጨመርኩበት። በማግስቱ አራዳ ሱቅ ያላቸው አንድ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። የኪራዩን ዋጋ ቀደም ብለው በስልክ ነግረውኝ ነበር። ሲያዩኝ ‹ከባንክ ነው የመጣኸው?› አሉኝ። ‹አይ፣ ለፋርማሲ ነው› ብላቸውም አላመኑኝም። እዚያው ቁጭ እንዳልን ኪራዩ ጨመረ። ተከራዬም ትቶት ሄደ።

ከዚያ ሙሉ ልብሱን ሰቀልኩትና በጂንስና በስኒከር ኮምቦልቻ ወረድኩ። ከአዲስ አበባ የመጣ የኩባንያ ሰው መጋዘን ሊያይ ነበር። የካርታውን ኮፒና ፎቶዎቹን በፌስታል ይዤ በር ላይ ጠበቅኩት። ከመኪና ወርዶ አየኝና ‹አለቃህ የት አለ?› አለኝ። ‹እኔ ነኝ› ስለው ሳቀ። መጋዘኑን ዞር ዞር ብሎ አየና ‹እንደዋወላለን› ብሎ ሄደ። እስካሁን አልደወለም።

ጓደኞቼ ‹ደላላ ምን ቢለብስ ደላላ ነው› ይሉኛል። እናቴ ደግሞ ‹ለሐጂ እንደ ሐጂ፣ ለኩባንያ እንደ ኩባንያ ልበስ› ትለኛለች። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ግራ የገባኝ፣ ከደሴ»

መልስ፦

አብሽር ወንድሜ። ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥሎ ሐጂን ሳስባቸው ግን ሳቄን ዋጥኩት። ሰውዬው ክፉ ሆነው አይደለም፤ ሒሳብ ሠርተው ነው።

የሱቅ ባለቤት ደላላ ሲመጣ ዓይኑ ደላላው ላይ አይደለም፤ ከኋላው ያለው ተከራይ ላይ ነው። ተከራዩን ግን ገና አላየውም። ስለ እሱ ያለው ማስረጃ አንተ ብቻ ነህ። ባንክ ቅርንጫፍ ሲከፍት ምድር ቤት፣ ዋና መንገድ ዳር፣ ፊቱ ሰፋ ያለ ቦታ እንደሚፈልግ አራዳ ያለ ባለሱቅ ሁሉ ያውቃል። ከፋርማሲም ከቡቲክም የተሻለ እንደሚከፍል፣ የረጅም ጊዜ ኪራይም በአንዴ እንደሚያስገባ ያውቃል። በሥራ ቀን ጠዋት ጥቁር በነጭ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ የሚመጣ ወጣት ደግሞ እኛ ከተማ ወይ የባንክ ሰው ነው ወይ ሚዜ ነው። ሐጂ ሙሽራ ስላላዩ ባንክ ነው ብለው ደመደሙ። «ለፋርማሲ ነው» ስትላቸው እንዲያውም የባሰ ጠረጠሩ። ተከራዩን ደብቆ ዋጋ ማስወረድ የታወቀ የደላላ ዘዴ ነዋ!

አንተ ዋጋ ሳትጠራ ልብስህ ጠራ ማለት ነው። መኖሪያ ቤት ብታከራይ ይሄ ብዙም ባልጎዳህ ነበር። ተከራዩ ራሱ መጥቶ ክፍሉን ያያል፣ ከአከራዩ ጋር ይተያያል፣ ነገሩ ያልቃል። ሱቅና መጋዘን ላይ ግን ተከራዩ ብዙ ጊዜ ድርጅት ነው። ቦታ የሚያየው አንዱ፣ የሚወስነው ሌላው፣ የሚፈርመው ሦስተኛው ነው። ባለቤቱ እስከ ውሉ ቀን ድረስ የሚያውቀው ያንተን ፊት፣ ያንተን ኮትና ያንተን ጫማ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ኮምቦልቻው ሰው። ጥፋቱን ሁሉ ጂንሱ ላይ እንደጣልከው ገብቶኛል። እኔ ግን ጂንሱን አልከሰውም። ከአዲስ አበባ መጋዘን ሊያዩ የሚመጡ የድርጅት ሰዎች ራሳቸው በጂንስና በስኒከር ነው የሚመጡት። እሱ ምን ለብሶ እንደነበር አልጻፍክልኝም እንጂ፣ ከረባት እንዳላሰረ እወራረዳለሁ። ነገሩን ያበላሸው ፌስታሉ ነው። በር ላይ ቆሞ ፌስታል አንጠልጥሎ የሚጠብቅ ሰው «ቁልፍ ክፈት» ተብሎ የተላከ ልጅ ይመስላል። ሰውዬው «አለቃህ የት አለ?» ያለህ ንቆህ አይመስለኝም። ያየውን አምኖ ነው። ካርታ በፌስታል! ኮፒም ቢሆን እኮ የሰው ንብረት ማረጋገጫ ነው። የመጋዘኑ ባለቤት ቢያይህ ኖሮ ኮፒውን እዚያው በተቀበለህ።

ጓደኞችህ የሚሉት ነገር ግማሹ እውነት ነው። ሰው ደላላን የሚጠረጥረው በሥራው እንጂ በልብሱ አይደለም። የሽያጭ ኮሚሽን 2 በመቶ ነው እየተባለ፣ ከገዢም ከሻጭም የተቀበለ፣ መሃል ላይም ዋጋ ሰቅሎ ልዩነቱን ኪሱ የከተተ ደላላ ታሪክ ባለቤቱ ሰምቷል። ምናልባትም ደርሶበታል። ይሄን ጥርጣሬ ልብስ አያጠፋውም። እንዳይጨምርበት ማድረግ ግን ይችላል። ፀሐይ የሚያንጸባርቅበት ሰዓት፣ ወፍራም የወርቅ ቀለበት፣ ቤት ውስጥ እንኳ ከዓይን የማይወርድ ጥቁር መነጽር ያየ አከራይ «ይሄ ሁሉ ከማን ኪስ ወጣ?» ይላል። በተለይ በ2014ቱ ጦርነት ንብረቱ ተዘርፎ ከዜሮ የጀመረ ነጋዴ ፊት ነገሩ ያስጠላል። ደሴም ኮምቦልቻም እንዲህ ያለ ነጋዴ ጥቂት አይደለም። አንተ እንዲህ ታደርጋለህ ማለቴ አይደለም። ጓደኞችህ ግን ወደዚያ እንዳይገፉህ ነው።

ከእናትህ ጋር ነው ክርክሬ። አክብሮቴ እንደተጠበቀ፣ ምክራቸው ለለቅሶና ለሠርግ ልክ ነው፤ ለሥራህ ግን አይሆንም። ለምን መሰለህ? ውል የሚፈረምበትን ቀን አስበው። ጠረጴዛው በአንዱ በኩል ሐጂ አሉ፣ በሌላው በኩል የኩባንያው ሰው፣ መሃል ላይ አንተ። ለሐጂ አንድ ሰው፣ ለኩባንያው ሌላ ሰው ሆነህ ከከረምክ የዚያን ቀን የትኛው ሆነህ ትመጣለህ? ከሁለቱ አንዱ «ይሄ ልጅ ማነው?» ማለቱ አይቀርም። ያውም በገንዘብ ቀን።

ከዚያ በፊትም ቢሆን ትያዛለህ። ደሴ እኮ ሰው የሚጠፋባት ከተማ አይደለችም። ጠዋት ሰኞ ገበያ በሹራብ ያየህ ሰው ከሰዓት ፒያሳ በከረባት ያገኝሃል። የሐጂ የእህት ልጅ ኮምቦልቻ መጋዘን ይኖረዋል። ወሬው ካንተ ቀድሞ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ስለዚህ የእኔ ምክር አንድ ዓይነት አለባበስ ይኑርህ ነው። ሐጂም ሲያዩህ፣ የኩባንያው ሰውም ሲያይህ፣ ሊስትሮውም ሲያይህ ያው ልጅ ሁን። የሚለዋወጠው ከላይ የምትደርበው ብቻ ይሁን።

ምን ዓይነት? ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጥቁር ግራጫ ሱሪ። ጂንስ ሳይሆን የጨርቅ ሱሪ፣ በደንብ የተተኮሰ። ነጭ ወይም ውሃ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ኮሌታው ያልሳሳ። ከሱሪው ጋር አንድ ዓይነት ያልሆነ ኮት፤ ቡናማ ወይም ጥቁር ሰማያዊ ይሁን። የቆዳ ጫማና ከጫማው ጋር የሚሄድ ቀበቶ። በቃ፣ ከዚህ የበለጠ አያስፈልግህም። ኮቱና ሱሪው አንድ ዓይነት ካልሆኑ ባንክ አትመስልም። ሸሚዝና ኮት ስላለህ ደግሞ ማንም አለቃህን አይጠይቅህም። ከረባቱን ቤት ተወው። የባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ወይም የመንግሥት ቢሮ ስብሰባ ካለህ አውጣው፤ ለሱቅ ባለቤት ግን አታስረው።

ስለ ጨርቁ አንድ ነገር ልንገርህ። ሙሉ በሙሉ ፖሊስተር የሆነ ሱሪ ካውያ ሲበዛበት ጉልበቱና መቀመጫው ላይ ማብረቅ ይጀምራል። ላብም ይይዛል። ሱፍ የተቀላቀለበት ካገኘህ ትንሽ ጨምረህ እሱን ግዛ። ሸሚዝ ደግሞ ጥጥ። ምክንያቱም አንተ በአንድ ቀን ሁለት አየር ነው የምትሠራበት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በመሃላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚያበርድ፣ ሐረጎን ጠምዘዝ ጠምዘዝ ብለህ ወርደህ ስትጨርስ 4 ዲግሪ ገደማ ተጨምሮብሃል። ያውም በሰው ታጭቀህ፣ መስኮቱ «ብርድ ይገባል» ተብሎ ተዘግቶብህ። ጠዋት የጦሳ ተራራ ጉም ሳይገለጥ ስትወጣ ወፍራም ጃኬት ብቻ ካጠለቅክ ኮምቦልቻ ስትደርስ የምታወልቀው የለህም። ቀጭን ሹራብ ከኮቱ ሥር ልበስ። ሚኒባስ ውስጥ ሹራቡን አውልቀህ ቦርሳህ ውስጥ ክተት፣ ኮቱን እጥፍ አድርገህ ጭንህ ላይ አስቀምጥ። ስትወርድ አራግፈህ ልበሰው። ከመኪና የወረደ ሳይሆን ከቢሮው የወጣ ሰው ትመስላለህ።

ጥቁሩን ሙሉ ልብስ ደግሞ እንዳትጥለው። ገንዘብህን አውጥተህበታል፤ ይሠራል። መጀመሪያ ግን እጅጌው ላይ ማርክ ተሰፍቶበት እንደሆነ እየው። ያቺ የፋብሪካው ስም ያለባት ትንሽ ጨርቅ፣ ከውጭ የተሰፋችው! ከተማችን ውስጥ ሠርጉ አልፎበት፣ ልጅ ወልዶበት ማርኩን ያልፈታ ስንት ሰው አለ። ፍታው። የገዛኸው ቀን መፈታት ነበረበት። የኮቱ የኋላ ስንጥቅ ላይም በመስቀል ቅርፅ የተሰፋ ክር ካለ ቁረጠው፤ ኪሶቹንም ክፈታቸው። ከዚያ ልብስ ሰፊ ዘንድ ውሰደው። እጅጌው የእጅህ አንጓ ላይ ይቁም፤ ከሥሩ የሸሚዝህ ጫፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቅ ይበል። ሱሪው ጫማው ላይ ተጠራቅሞ እንደ አኮርዲዮን እንዳይታጠፍ ይቁረጥልህ። ትከሻው ካንተ ትከሻ ካለፈ ግን ሰፊም ብዙ አይረዳህም፤ ትከሻ ማስጠበብ ኮቱን እንደ አዲስ መስፋት ነው። ኮቱን ስትለብስ የታችኛውን ቁልፍ አትቆልፈው፤ ስትቀመጥ የላይኛውንም ፍታ።

ይህን ካደረግክ ሱሪውን ለብቻው በሥራ ቀን ልትለብሰው ትችላለህ። ኮቱን ለለቅሶ አስቀምጠው። ለቅሶ ለደላላ ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። የከተማው ባለንብረት ሁሉ የሚገኘው እዚያ ነው። የቢዝነስ ወሬ ድንኳን ውስጥ አንሣ ማለቴ አይደለም፤ ነውር ነው። ግን ያየህ ሰው ያስታውስሃል። «ያ ለቅሶ የደረሰው ልጅ» መባል ቢዝነስ ካርድ ከመበተን ይሻላል።

ዋናው ጉዳይ ግን ጫማ ነው። ገንዘብ ካለህ እዚህ ላይ አውጣው፤ ከሌለህም ከኮቱ ቀንሰህ እዚህ ላይ ጨምር። የደሴን ክረምት ታውቀዋለህ። ሐምሌና ነሐሴ ብቻም አይደለም፤ እኛ ጋ በልግም አለ፣ በመጋቢትና በሚያዝያም ጭቃ ይጠብቅሃል። የቆዳ ሶል ያለው ጫማ ለዚህ ከተማ አይሆንም፤ ቁልቁለቱ ላይ ያንሸራትትሃል። የላይኛው ቆዳ፣ ሶሉ ጎማ የሆነ ግዛ። ከተቻለ ሁለት ይኑሩህና እያፈራረቅክ አድርጋቸው። የራሰ ጫማ አንድ ቀን ሙሉ ካላረፈ ቅርፁ ይበላሻል፤ ይሸታልም። ሲረጥብብህ ጋዜጣ ጠቅጥቅበትና ጥላ ላይ አስቀምጠው። ከሰል አጠገብ የሚያደርቁትን አትመልከት፤ ቆዳው ይሰነጠቃል። ጠዋት ከሊስትሮ ሳትቀመጥ ቀጠሮ አትሂድ። ሊስትሮው እግረ መንገዱን የትኛው ፎቅ ላይ «የሚከራይ» ተለጥፎ እንደሰነበተም ይነግርሃል።

አሁን ደግሞ ጫማውን አውልቀው። አዎ፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ደላላ የሚያፍረው። ሐጂ ሱቃቸው ውስጥ ብቻ አይደለም የሚያነጋግሩህ። ነገሩ ሲጠነክር «ቤት ና» ይሉሃል። በሩ ላይ ጫማ ይወልቃል፤ ሳሎኑ ምንጣፍ ነው። አንተ ደጃፉ ላይ አጎንብሰህ የረጠበ ክር ስትፈታ ሐጂ ቆመው ይጠብቁሃል። ከዚያ ካልሲህ ይታያል። አውራ ጣትህ ብቅ ካለ፣ ስለ ካሬ ሜትር የምታወራው ሁሉ ገደል ገባ። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪል አንዱን እግርህን በሌላው ስትሸፍን ነው የምትውለው። እንግዲህ ለደሴ ቀጠሮ ክር የሌለው፣ ገፋ አድርገህ የምታጠልቀው ጫማ ይሻላል። ካልሲህ ሙሉ፣ ጥቁር፣ የዚያን ቀን የታጠበ ይሁን። ቦርሳህ ውስጥም አንድ ትርፍ ካልሲ ይኑር። ጭቃ ውስጥ የገባ ካልሲ የሰው ምንጣፍ ላይ ማሳረፍ ሌላ ጥፋት ነው።

ለኮምቦልቻ ግን ሌላ ጫማ ያስፈልግሃል። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ቢራው አለ፣ ደረቅ ወደቡ አለ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። እዚያ መጋዘን የሚፈልግ ሰው ጭነትና ማሽን የለመደ ነው። ኮትህን ብዙም አያይም። የሚያየው አብረኸው ወደ ጓሮ መግባትህን ነው። ተሳቢ ያለው መኪና ገብቶ መዞር ይችላል ወይ? ጣሪያው የት ጋ ነው የሚያፈሰው? ወለሉ ከውጭው መሬት ከፍ ይላል ወይስ ክረምት ውሃ ይገባበታል? ይሄን ሁሉ አብረኸው እየረገጥክ ማሳየት አለብህ። አንድ ደላላ አውቃለሁ፤ በነጭ ጫማ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና «እዚያ ጋ መጸዳጃ ቤት አለ፣ እዚያ ጋ ጄኔሬተር ማስቀመጫ አለ» እያለ በጣቱ ያሳያል። ተከራዩ ብቻውን ገብቶ ሲወጣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። ደላላው ንጹሕ እንደሆነ ቀረ፤ ኮሚሽኑም ቀረ።

ስለዚህ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጠንካራ ቦት ጫማ በቦርሳ ይዘህ ውረድ፤ በሩ ላይ ቀይር። መቀየርህን ይየው፣ ምንም አያሳፍርም። እንዲያውም ሥራህን እንደምታውቅ ያሳያል። ግንባታው ያላለቀ ሕንጻ ከሆነ ሚስማር አለ፤ ስኒከር እግርህን አያድንልህም። ማሽን የሚሠራበት ቦታ ከገባህ ከረባትም ፎጣም አንገትህ ላይ እንዳይንጠለጠል፤ ሄልሜት ካቀረቡልህ ሳትከራከር አድርግ። ኮቱን ደግሞ አውልቀህ መኪና ውስጥ ወይም ዘበኛው ጋ ተወው። ኮምቦልቻ የሚያስቸግርህ አቧራው ነው፤ ጥቁር ልብስ ላይ ዱቄት ቤት የዋልክ ያስመስልሃል። ግራጫ ያልኩህ ለዚህም ጭምር ነው።

በዋጋው በኩል እንዳትጨነቅ፣ ሰልቫጅ ውስጥ ደህና ኮት ይገኛል። ሰፊ ካስተካከለው ከአዲሱ የሚበልጥም አለ። ክርኑንና የብብቱን ገበር ገልብጠህ ሳታይ ግን አትግዛ። አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ፦ ከወታደር ልብስ ጋር የሚመሳሰል ጃኬትም ሱሪም ሰልቫጅ ውስጥ ሞልቷል፤ ርካሽና ጠንካራ ነው። አትንካው። መንገድ ላይ ፍተሻ ላይ ወርደህ ስታስረዳ ቀጠሮህ ያልፋል፤ ከዚያም የባሰ ሊመጣ ይችላል።

ሽቶ ጥቂት ይበቃል። በተዘጋ ሱቅ ውስጥ ሽቶ ሲበዛ ሰው ቶሎ ሊያስወጣህ ይፈልጋል። ከቀጠሮ በፊት ጫት አትቃም፤ ጥርስ ላይ የቀረ ቅጠል የሚናገረው ብዙ ነው። ስልክህ ሁለት ከሆነ አንዱን አጥፋ። ባለቤቱ ፊት ተቀምጠህ «እሺ ቦታው አለ፣ ቆይ ልደውልልህ» የምትል ከሆነ የእሱንም ሱቅ እንዲሁ እንደምታሻሽጠው ያስባል።

ፌስታሉን ዛሬውኑ ጣለው። በምትኩ ዚፕ ያለው የወረቀት መያዣ ቦርሳ ግዛ፤ ቆዳ መሆን የለበትም፣ ውሃ የማያስገባ ይሁን እንጂ። ውስጡ የእያንዳንዱ ቦታ ወረቀት በየራሱ ፋይል ይኑር። የአንዱን ካርታ ፍለጋ የሌላውን ባለቤት ካርታ ጠረጴዛ ላይ አትዘርግፍ። ኮትህ ኪስ ውስጥ ሜትር ይኑር። የደላላ ጌጥ እሱ ነው፤ ከሰዓትም ከቀለበትም ይበልጣል። ባለቤቱ «60 ካሬ ነው» ሲል ሜትሩን አውጥተህ «አብረን እንለካው፣ ሐጂ» በል። 54 ከወጣ ደግሞ ፊትህን አትቀይር፤ ዝም ብለህ ጻፈው።

ሐጂ ዘንድ ተመለስ፤ ነገሩ አልሞተም። የፋርማሲው ሰው ሌላ ቦታ ካልተዋዋለ ይዘኸው ሂድ፤ ራሱ ይታያቸው። ዓርብ ቀትር ላይ አትሂድ፤ ጁምዓ ነው። ከሰዓት ከሚሰገደው የዐስር ሶላት በኋላ፣ ሱቃቸው ሲቀዘቅዝ ድረስ። ሹራብና ኮት፣ ያለ ከረባት። «ሐጂ፣ ባለፈው የሠርግ ልብስ ለብሼ አስደነገጥኩዎት» ብለህ ጀምር። የሚስቁ ይመስለኛል። ከሳቁ በስልክ ያሉህን ዋጋ አንተ አታንሣው፤ ተከራዩ ራሱ ይጠይቃቸው። የመጀመሪያውን ዋጋ ባይመልሱልህ እንኳ መሃል ላይ የምትገናኙበት ይገኛል።

የኩባንያውን ሰው ደግሞ ስልኩን እየጠበቅክ አትቀመጥ። ለሐጂ በምትሄድበት ልብስ ነገ ጠዋት ኮምቦልቻ ውረድ። ቦትህን አጥልቀህ መጋዘኑ ውስጥ ግባና የወለሉን ርዝመትና ስፋት፣ የበሩን ከፍታ፣ የግቢውን መዞሪያ ለካ። ጣሪያው የሚያፈስበት ካለ ፎቶ አንሣ፤ አትደብቅ። ሁሉንም በአንድ ገጽ ጻፍና በቴሌግራም ላክለት። ከሥሩ ስምህንና ስልክህን አድርግ፤ «መቼ ተመልሰው ይምጡ?» ብለህም ቀን ጠይቀው።